ትልቅ ጎማ የኪሎ ሜትሩን ቆጠራና የናፍጣውን ሒሳብ እንዴት እንደሚያዛባ

(ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ገበሬዎችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር)



እንደዚህ ስንሰበሰብ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ በግ ርባታና ስለ አፈር ጥበቃ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጭነት መኪና ጎማ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። «የጎማ ነገር የሹፌር ጉዳይ ነው፤ ገበሬን ምን አገባው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የመንዝና የግሼ ገብስ፣ ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርትና በግ፣ የመርሐ ቤቴም ጤፍና ማሽላ ወደ ትልቁ ገበያ የሚደርሰው በመኪና ነው። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩም የሚመጣልን በመኪና ነው። መኪናው ያለ ጥቅም የሚያቃጥለው ናፍጣ ሁሉ ዞሮ ዞሮ በኩንታል የጭነት ዋጋ ላይ ይታሰባል፤ ከፋዩም ገበሬው ነው። ደግሞም ከጭነቱ ጋር ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ የኪስም የነፍስም ጉዳይ ነው።

በገጠር መንገዳችን ላይ በብዛት ከሚታዩት መካከለኛ የጭነት መኪናዎች አንዱ አይሱዙ ነው። በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው ጎማ 7.50-16 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ነው። አንዳንድ ባለንብረቶች ይህን አውልቀው 8.25-16 የሚባለውን ከፍ ያለ ጎማ ያስገጥማሉ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ መኪናው ከመሬት ከፍ እንዲል፣ ብዙ ጭነት እንዲችል፣ ወይም ከገበያ የተገኘው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው ይላሉ። ነገር ግን ጎማው ሲለወጥ ሦስት ነገሮች አብረውት ይለወጣሉ። እነርሱም የኪሎ ሜትሩ ቆጠራ፣ የናፍጣው አወጣጥና የፍሬኑ ጉልበት ናቸው። እያንዳንዱን በተራው እንመልከት።

ቆጣሪው ምን ይቆጥራል?

በሹፌሩ ፊት ያለው መሣሪያ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛ፣ መኪናው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ ያሳያል፤ ሁለተኛ፣ እስካሁን ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዘ ይጽፋል። ብዙ ሰው ይህ መሣሪያ መንገዱን የሚለካ ይመስለዋል። መሣሪያው ግን መንገዱን አያየውም። የሚቆጥረው ከካምቢዮ ወጥቶ ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ብቻ ነው። ፋብሪካው የጎማውን ልክ ስለሚያውቅ «ጎማው ይህን ያህል ጊዜ ሲዞር አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል» ብሎ አስቀድሞ ወስኖለታል።

ይህን በእርሻ ምሳሌ እንየው። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሰው አንዱን ማሳ በየተራ በእርምጃ ይለካሉ እንበል። አጭሩ ከዳር እስከ ዳር 100 እርምጃ ሲቆጥር ረጅሙ 94 ይቆጥራል። ማሳው ግን አልጠበበም። የሰዎቹን ቁመት ሳያይ ቁጥሩን ብቻ የሰማ ሰው «መሬቴ ተቆርሷል» ብሎ ጠብ ያነሣል። ትልቅ ጎማም እንደ ረጅሙ ሰው ነው፤ በአንድ ዙር ብዙ መሬት ስለሚረግጥ ቆጣሪው ያነሰ ቁጥር ይጽፋል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የፋብሪካው ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል እንበል። አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 400 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ፣ ያንኑ አንድ ኪሎ ሜትር በ377 ዙር ገደማ ይጨርሰዋል። ቆጣሪው ግን 400 እስኪሞላ ድረስ «አንድ ኪሎ ሜትር» አይልም። ስለዚህ እውነተኛውን 1,000 ሜትር 943 ሜትር አድርጎ ይጽፈዋል። ልዩነቱ ከመቶ 6 እጅ ያህል ነው። ከ7.50-16 ወደ 8.25-16 ሲኬድ በተግባር የሚታየው ልዩነት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እንደ ጎማው ሥሪትና እንደ አየሩ አሞላል ግን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል።

ያልተወሰደ ናፍጣ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ መኪና እንውሰድ። ሒሳቡ እንዲቀለን መንገዱን 150 ኪሎ ሜትር እናድርገው። መኪናው በትክክለኛ ጎማው በአንድ ሊትር ናፍጣ 5 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር እንበል፤ ስለዚህ ለመንገዱ 30 ሊትር ይበቃዋል። ጎማው ከተለወጠ በኋላ ግን ቆጣሪው ለዚያው መንገድ 141 ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ ይጽፋል። ሹፌሩ እንደ ቀድሞው 30 ሊትር ጨርሶ ቢመለስ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ 141 ተኩልን ለ5 ያካፍልና «28.3 ሊትር ሊበቃህ ይገባ ነበር፤ የቀረው 1.7 ሊትር የት ገባ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህ ጥያቄ በየጉዞው ከተደጋገመ ሹፌሩ ሌባ ይባላል።

ሹፌሩ ግን ምንም አልወሰደም። ናፍጣው በእውነተኛው መንገድ ላይ ተቃጥሏል፤ የጎደለው በቆጣሪው ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ማንንም ሰው በናፍጣ ከመጠርጠር በፊት ጎማውን መለካት ይገባል። አንድ ሠራተኛ በተዛባ መለኪያ እንጀራውን ቢያጣ በደሉ የማኅበሩ ነው።

ትልቅ ጎማ በእውነት ናፍጣ ይጨምራልን?

ከላይ የተባለው ትልቅ ጎማ ናፍጣ አይጨምርም ማለት አይደለም። በእኛ አገር መንገድ ብዙውን ጊዜ ይጨምራል። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ትልቅ ጎማ ከባድ ነው። ከባድ ነገር ለማስነሣትም ለማቆምም ጉልበት ይጠይቃል። በየመታጠፊያው፣ በየጉድጓዱና በየከብቱ መንጋ ፊት እየቆመ በሚነሣ መኪና ላይ ይህ ክብደት በየጊዜው ናፍጣ ያስወጣል።

ሁለተኛ፣ ጎማው ከፍ ሲል የሞተሩ ጉልበት መሬት ላይ ሲደርስ ይቀንሳል። ሞተሩ እግሩን ከመሐሉ ያዞረዋል፤ ከመሐሉ እስከ መሬት ያለው ርቀት በጨመረ መጠን ግፊቱ ይደክማል። ከላይ ባልነው ልክ ከሆነ ግፊቱ ከመቶ 6 እጅ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ ቀድሞ በ3ኛ ማርሽ የሚወጣውን ዳገት አሁን በ2ኛ ለመውጣት ይገደዳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ያዘግማል፣ ናፍጣው ያልቃል። ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦ መኪናውን ለማስነሣት ሲታገል ደግሞ ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ የእኛ አገር ደጋ ነው። የመንዝ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከዚያ የሚያልፍም ቦታ ሞልቷል። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ሞተር ናፍጣን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይደክማል። ተርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱን ይቋቋማል፤ የሌለው ግን በጣም ይሰማዋል። በተፈጥሮው ጉልበቱ በተቀነሰ ሞተር ላይ ትልቅ ጎማ መጨመር ለደከመ በሬ ከባድ ቀንበር እንደ መጫን ይቆጠራል።

አራተኛ፣ በትልቁ ጎማ ውስጥ የሚሞላው አየር ከልኩ ካነሰ ጎማው መሬት ላይ ተኝቶ ይጎተታል፤ ይህም ናፍጣ ይበላል፣ ጎማውንም ያግላል።

በእርግጥ ባዶ መኪና በደልዳላ አስፋልት ላይ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ፣ ከፍ ያለ ጎማ የሞተሩን ዙር ስለሚቀንስ ጥቂት ናፍጣ ሊያተርፍ ይችላል። በጣርማ በርና በመሐል ሜዳ መካከል ግን ጭነት፣ ዳገትና ኮረኮንች ስላለ ያ ትርፍ አይገኝም።

እንግዲህ መኪናው በትልቁ ጎማ በእውነት 32 ሊትር ጨረሰ እንበል። በቆጣሪው ቢታሰብ በአንድ ሊትር 4.4 ኪሎ ሜትር ሄደ ይባላል። እውነተኛው ግን 150ን ለ32 አካፍለን የምናገኘው 4.7 ነው። ከ5 ወደ 4.4 የወረደ ከሚመስለው ግማሹ እውነተኛ ጥፋት ሲሆን ግማሹ የቆጣሪው ስሕተት ነው። እውነተኛው ጥፋት 2 ሊትር ነው፤ ይህም ትንሽ አይደለም። መኪናው መሄጃውንም መመለሻውንም ተጭኖ በዓመት 50 ጊዜ ቢመላለስ 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ በርሜል ናፍጣ ነው።

በቁልቁለት ላይ ያለው አደጋ

የናፍጣው ጉዳት ገንዘብ ነው፤ የፍጥነቱ ጉዳት ግን ሕይወት ነው። ጎማው ከመቶ 6 ያህል ከፍ ካለ፣ መለኪያው 50 ሲል መኪናው የሚሮጠው 53 ነው፤ 80 ሲል ወደ 85 ይጠጋል። መኪና ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ከፍጥነቱ በበለጠ ይጨምራል። ፍጥነቱ ከመቶ 6 ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚፈጀው ርቀት ከመቶ 12 ያህል ይጨምራል።

ስለ ፍጥነት መለኪያ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል። ፋብሪካዎችም ለጥንቃቄ ሲሉ ጥቂት አስበልጦ እንዲያሳይ አድርገው ይሠሩታል። ትልቅ ጎማ ይህን የጥንቃቄ ትርፍ ይበላዋል፤ አንዳንዴም አልፎት ይሄዳል። ያን ጊዜ ሹፌሩ በሕግ ልክ የሚሄድ እየመሰለው ከልኩ ያልፋል።

ፍሬኑም ይደክማል። ፍሬን እግሩን የሚይዘው ከመሐሉ ሲሆን መሬቱ የሚገፋው ከጎማው ዳር ነው። ጎማው ከፍ ሲል መሬቱ በረጅም ዘንግ እንደሚታገል ሰው ይበረታል፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። ሞተሩ በቁልቁለት መኪናውን የሚይዝበትም ጉልበት እንዲሁ ይቀንሳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን፣ ከለሚም ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጭነት የያዘ መኪና በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከጋለ መያዝ ያቅተዋል።

ሌላም አለ። በኋላ እግር ጎን ለጎን የተገጠሙት ጥንድ ጎማዎች ከልካቸው ሲወፍሩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል። ጭነት ሲበዛ ሆዳቸው ተነፍቶ ይነካካል፤ በመነካካትም ይግላሉ፣ ይፈነዳሉ። የፊተኛውም ጎማ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ከአካሉ ጋር ሊፋተግ ይችላል።

ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ የተገኘው ጥቅም ምንድን ነው? ከላይ በጠቀስነው ልክ መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳ በማይሞላ መጠን ነው። ጭነትንም በተመለከተ፣ ጎማው ቢተልቅም አክስሉ፣ ባሌስትራውና ፍሬኑ አልተለወጡም። ለመኪናው የተፈቀደው ጭነት ያው የቀድሞው ነው።

ያለቀ ጎማም ቆጣሪን ያዛባል

የኅብረት ሥራ ማኅበር መኪና በኪሎ ሜትር ሒሳብ ሲከራይ የተገላቢጦሹን ማወቅ አለበት። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ትንሽ ጎማ ነው። ጥርሱ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ሲበላ የጎማው ቁመት በ24 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ከመቶ 3 ያህል ይቀንሳል። ያን ጊዜ ቆጣሪው አብዝቶ ይጽፋል፤ የ150 ኪሎ ሜትሩ መንገድ 154 ተኩል ይሆናል። ገበሬውም ላልተኬደ መንገድ ይከፍላል። ስለዚህ በትልቅ ጎማ አከራዩ፣ ባለቀ ጎማ ተከራዩ ይጎዳል። ለሁለቱም የሚሻለው የመንገዱን ርቀት አስቀድሞ ተስማምቶ በውሉ ላይ መጻፍ ነው።

ጎማውን እንዴት እንለካለን?

ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጠመኔ፣ ሜትርና ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ሹፌሩ ነው።

1ኛ. መኪናው እንደ ወትሮው ጭነት ተጭኖና የጎማው አየር በልኩ ተሞልቶ በደልዳላ ቦታ ይቁም። ሕፃናትና ከብት ይራቁ።

2ኛ. ከኋላ ጎማዎች አንዱ መሬት በሚነካበት ቦታ በጎማውም በመሬቱም ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። የኋላው ጎማ የሚመረጠው ቆጣሪው የሚቆጥረው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ስለሆነ ነው።

3ኛ. ሹፌሩ ቀስ ብሎ በቀጥታ ይንዳ። የጎማው ምልክት 5 ጊዜ ዞሮ መሬት ሲነካ መኪናው ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ በዚያም ቦታ መሬቱ ላይ ምልክት ይደረግ።

4ኛ. በሁለቱ የመሬት ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ተለክቶ ለ5 ይካፈል። 13 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ዙር 2 ሜትር ከ65 ነው።

5ኛ. የፋብሪካው ጎማ ባልተለወጠበት ተመሳሳይ መኪና ላይ ይኸው ይደገም። 2 ሜትር ከ50 ቢገኝ፣ 2.65ን ለ2.50 ስናካፍል 1.06 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው የጻፈውን ሁሉ በ1.06 ማባዛት ነው። 141 ተኩል በ1.06 ሲባዛ 150 ይመጣል፤ ጠቡም ያበቃል።

ሌላም ቀላል መንገድ አለ። በአስፋልቱ ዳር የኪሎ ሜትር ምልክት ባለበት ቦታ 10 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቆጣሪው ምን እንደ ጻፈ ማየት ይቻላል። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የእጅ ስልክ በሳተላይት አማካይነት ፍጥነትን ይለካል። መኪናው በቀጥተኛና ደልዳላ መንገድ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ረዳቱ የስልኩን ቁጥር ከመለኪያው ጋር ያስተያይ። ሹፌሩ ራሱ ስልክ መመልከት የለበትም።

ምን ይደረግ?

ከሁሉ የሚሻለው በመኪናው መመሪያ ላይ በተጻፈው ልክ ጎማ መጠቀም ነው። ጎማ ሲለወጥም ጥንዶቹን በአንድ ላይ መለወጥ ይገባል። ጎን ለጎን ካሉት አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ ከሆነ ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፤ ትንሹም እየተንሸራተተ ያልቃል።

ትልቁ ጎማ ከተገጠመ በኋላ ለጊዜው መለወጥ ካልተቻለ ግን የሚከተለው ይደረግ። የተገኘው ማባዣ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በሹፌሩ ፊት ይለጠፍ፤ በናፍጣ መዝገቡም ላይ ይጻፍ። የፍጥነት መለኪያው በጋራዥ እንዲስተካከል ይደረግ። ጥንድ ጎማዎቹ ጭነት በያዙበት ጊዜ እንዳይነካኩ ይታይ። ሹፌሩ ዳገት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀንስ፤ ቁልቁለትም ከመጀመሩ በፊት ቀድሞ ይወርድበት ከነበረው ማርሽ አንድ ዝቅ ያድርግ። ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ አይሁን።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሆይ፤ የማዳበሪያ ወይም የምርት ጭነት በሚደረግበት ቀን ጥቂት ደቂቃ ወስዳችሁ ይህን አለካክ ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥና ለሹፌሩ አብራችሁ አሳዩአቸው። ሁለቱ በአንድነት ሲለኩ ካዩት ወደ ፊት አይካሰሱም። እናንተም ገበሬዎች፣ ቁናው ልኩን የጠበቀ መሆኑን ሳታዩ እህል አትሰፍሩም፤ የጭነት ዋጋችሁ የሚታሰብበትንም መለኪያ እንዲሁ ጠይቁ። መኪናውን ስትከራዩ በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ ጥንዶቹም እኩል መሆናቸውን ተመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት መኪናው ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ቆሞ ሳለ ነው። ጀማ ቁልቁለት መካከል ከተገባ በኋላ ግን ጊዜው ያልፋል።